ከእራፊ የተሰፋ ልብ

የስጦታ ሁሉ ዋጋ በገበያ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ፣ ወዳጅ የሚኖረው ለባለጸጋ ብቻ በሆነ፣ ድኻም ከተወለደ ጀምሮ ብቸኛ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አባቶቻችን «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» ሲሉ የተናገሩት ስለ ጦር ሜዳ ቢሆንም፣ ቃሉ ለሰጪም ይሠራል፤ ያለውን የሰጠም ንፉግ አይባልምና። እኔ ዛሬ ለእናንተ ለወጣቶች ልጽፍ ያሰብሁት የአንዲት ትንሽ ስጦታን ታሪክ ነው። ይህች ስጦታ ከልብስ ሰፊ መቀስ ሥር ከሚወድቅ እራፊ በመርፌና በክር የምትሠራ፣ መልኳ የልብ፣ መጠኗም ከመዳፍ የማይበልጥ ናት። ነገሩ ጥቃቅን መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ታሪኩን በተመለከታችሁ ጊዜ፣ የሰው ልጅ በጭንቅ ቀን ከወርቅ ይልቅ እራፊን እንደ ታመነ ትረዳላችሁ።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። በአማርኛችን ልብ ከሁሉ በፊት የማስተዋል ማደሪያ ነው። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ አንድ ጎረምሳ ከጥፋቱ ተመልሶ ሲታረም «ልብ ገዛ» ይባላል። መውደድና መራራት ግን የሆድና የአንጀት ነገር ነው፤ እናት ልጇን «ሆዴ» ትለዋለች፤ ላዘንንለትም ሰው «አንጀቴን በላው» እንላለን። ከላይ ሁለት ጕብታ ያለው፣ ከታች ሹል የሆነው፣ ዛሬ በየሱቁ የምናየው ቀዩ የልብ ምልክት ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በአውሮፓ ከ13ኛውና ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አፍቃሪ ልቡን ለወዳጁ ሲያቀርብ የሚያሳዩ ሥዕሎች በመጻሕፍት ይሣሉ ነበር፤ በ15ኛው መቶ ዓመትም ምልክቱ በመጫወቻ ካርታ ላይ እየታተመ በየአገሩ ተሰራጨ። እንግዲህ የእነርሱን ልብ ከእኛ ልብ ጋር ብናገናኘው መልካም ትምህርት ይወጣዋል፤ ይኸውም ፍቅር ያለ ማስተዋል የማይጸና መሆኑ ነው።

እራፊ ደግሞ በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው። በቀድሞ ዘመን ጨርቅ በብዙ ድካም የሚገኝ ነገር ነበር። ጥጡ ከፍሬው ይዳመጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን ይወረውርበታል። ይህ ሁሉ ድካም ያለበትን ነገር ማንም በከንቱ አይጥለውም ነበር። ያረጀ ጋቢ ለሕፃን መታቀፊያ ይሆናል፤ የአዋቂ እጀ ጠባብ ተቀዶ የልጅ ጥብቆ ይወጣዋል፤ የጥብቆው ቅዳጅ ለሌላው መጣፊያ ይውላል፤ የቀረው ብጫቂ ተጠቅልሎ የልጆች ኳስ ይሆናል። ድኻውም እራፊ በእራፊ ላይ እየደረተ ድሪቶ ይለብሳል። በድሪቶ መሳቅ የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ድሪቶ ማለት ተስፋ ያልቈረጠ እጅ ያበጀው ልብስ ማለት ነው።

የስፌት መኪና ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ፣ ልብስ ሰፊዎች በየከተማው በረንዳ ላይ ተቀምጠው በእግር የሚረገጠውን መኪና ሲነዱ ማየት የተለመደ ሆነ። በወልድያና በመርሳ መንገድ ዳር ይህ እስከ ዛሬ ይታያል፤ እራፊም በብዛት የሚገኘው በነዚህ በረንዳዎች ነው። ለሴቶች ልጆች ግን መርፌና ክር ከፊደል ጋር በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው በሚሲዮኖች ነው። የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን በ1866 በአውሮፓ አቈጣጠር ምጽዋ ከደረሰ በኋላ፣ በአቅራቢያው በምኵሉ ባቋቋመው ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ከንባብ ጋር የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። እኔም ከብዙ ዘመን በኋላ በሌላ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩት ልጃገረዶች አንዷ ነኝ፤ እራፊን በልብ መልክ መስፋትንም ያወቅሁት በዚያ ነው።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳላስገነዝብ አላልፍም። በአገራችን በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ የቆየ በሽታ ነበር። ሸማኔው ይሰደባል፤ ቀጥቃጩ ቡዳ ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን በማየት በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በዐዋጅ አስታወቁ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን መርፌ መያዝን እንደ ውርደት የሚቈጥር ወጣት ዛሬም አይታጣም። እንዲህ ያለው ወጣት ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ያንብብ።

በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ቶማስ ኮራም የሚባል የመርከብ አዛዥ ነበረ። በየመንገዱ የሚጣሉትን ሕፃናት አይቶ ስላዘነ፣ ብዙ ዓመት ደጅ ጠንቶ በ1739 በአውሮፓ አቈጣጠር ለሕፃናት ማሳደጊያ የንጉሥ ፈቃድ አገኘ፤ ቤቱም በ1741 ተከፈተ። ልጇን ማሳደግ ያቃታት እናት ሕፃኑን ወደዚያ ታመጣለች፤ ልጁም አዲስ ስም ይወጣለታል። ስሙ ከተለወጠ፣ እናቲቱ ከዓመታት በኋላ ብትመለስ ልጇ የትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ለዚህ መላ የሆነው እራፊ ነው። ከሕፃኑ ልብስ ወይም እናቲቱ ካመጣችው ጨርቅ ትንሽ ተቈርጦ በመዝገቡ ወረቀት ላይ በመርፌ ይያያዝ ነበር። እንዲህ ያሉ 5 ሺህ ያህል እራፊዎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ቤተ መንግሥቶች ካኖሩት ሐር ብዙው ሲጠፋ፣ የድኾች እናቶች ጨርቅ ግን ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ ደርሶልናል።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው በየካቲት 1767 የመጣው ነው። ሣራ ቤንደር የምትባል እናት ቻርልስ የተባለ ሕፃን ልጇን ለማሳደጊያው ስትሰጥ፣ ከልዩ ልዩ እራፊ የተሰፋና ልብ የተጠለፈበት ጨርቅ ነበራት። ያንን ጨርቅ ልቡ ላይ ለሁለት ቀደደችው፤ ግማሹ ከልጁ መዝገብ ጋር ቀረ፤ ግማሹን እርስዋ ይዛ ሄደች። ልጁም ቤንጃሚን ትዊርል ተብሎ ስሙ ተለወጠ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1775፣ ሣራ ተመልሳ መጥታ ልጇን ተረከበች። ይህ እንዴት ያለ ብርቅ ነገር እንደ ነበረ የምታውቁት ቍጥሩን ስትሰሙ ነው፤ ከ1741 እስከ 1760 ድረስ ወደዚያ ቤት ከገቡት 16,282 ሕፃናት መካከል ወላጅ ተመልሶ የወሰዳቸው 152 ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ሕፃናት ሞተዋል፤ ብዙዎቹንም እናቶች ድኽነት አልመልስ ብሏቸዋል።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር በ1977 ዓ.ም. የሆነው ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ወጣት መምህርት ሆኜ በመርሳ ከተማ አስተምር ነበር። የዚያ ዓመት ረኃብ ወሎን እንዴት አድርጎ እንደ ፈጀ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ከላስታና ከራያ የወረደው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ የኮረም መጠለያም ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከክፍሌ ልጆች አንዲቱ ከደጋ የወረደች ነበረች። እናቲቱ ትንንሾቹን ይዛ ወደ ኮረም ስትሄድ ይህችን ልጅ መርሳ ከአክስቷ ዘንድ ትታት ነበር፤ ስትለያትም ከነጠላዋ ጥለቱን ቀድዳ፣ ግማሹን በልጅቱ ክንድ ላይ አሰረችው፤ ግማሹን ለራሷ ያዘች። ጥለቱ ከዕለት ወደ ዕለት እያደፈ ሲሄድ፣ «ልጄ፣ ፍችውና እንጠበው» አልኋት። እርስዋም ክንዷን ወደ ኋላዋ ደብቃ፣ «አይታጠብ እትዬ፣ የእማዬ ሽታ ይሄድብኛል» አለችኝ። እናቲቱ አልተመለሰችም። ልጅቱም ስምንተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ድረስ ጥለቱን ከራሷ አልለየችውም። እናቲቱን ቃሏን አፈረሰች የሚላት ሰው የለም፤ ያስቀራት ረኃቡ ነው። ግማሹን ጥለት ይዛ መሄዷ ግን ልትመለስ እንዳሰበች ይመሰክርላታል፤ ልጅቱም ያደገችው ይህን ምስክር ይዛ ነው።

ያች ሕፃን የተናገረችውን ነገር ዛሬ ሐኪሞችም ይሠሩበታል። በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ ሆስፒታሎች፣ ጊዜው ሳይደርስ ተወልዶ በማሞቂያ ውስጥ ለሚቈይ ሕፃን በልብ መልክ የተሰፉ ሁለት ጨርቆች ይዘጋጃሉ። አንዱን እናቲቱ በደረቷ ታሳድራለች፤ ሌላው ከሕፃኑ ጋር ያድራል፤ በማግሥቱ ይለዋወጣሉ። በዚህም ሕፃኑ የእናቱን ሽታ፣ እናቲቱም የሕፃኗን ሽታ አትለይም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም፣ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሴቶች ጥንድ ጥንድ ልቦች እየሠሩ ለሆስፒታሎች ይልኩ ነበር፤ አንዱ ጠያቂ እንዳይገባበት በተከለከለው በሽተኛ እጅ ይቀመጣል፤ ጥንዱ ለቤተ ሰቡ ይሰጣል።

መርፌ በጦርነት ጊዜም ሥራ አልፈታም። በ1914 በአውሮፓ አቈጣጠር በተነሣው ታላቅ ጦርነት የቈሰሉ ወታደሮች፣ በሆስፒታል ተኝተው ሲያገግሙ፣ ጨርቅ በልብ መልክ ሰፍተው ሰጋቱራ እየሞሉ፣ በዶቃና በስፒል አስጊጠው ለእናቶቻቸውና ለሚስቶቻቸው ይልኩ ነበር። ጠመንጃ የጨበጠ እጅ መርፌ ሲይዝ አላፈረም። በአገራችንም በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በወረረን ጊዜ፣ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች ማኅበር ለዘማቾች የቍስል መጠቅለያ አዘጋጀ፤ ጠላት የመርዝ ጋዝ ባፈሰሰ ጊዜም ሴቶች የፊት መከላከያ ከጨርቅ ሰፉ። ልዕልት ፀሐይ ከነዚህ ሴቶች ጋር ይሠሩ ነበር። በስደት በለንደንም የነርስነት ትምህርት ተምረው ጨረሱ፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ዐረፉ።

በእኛም ዘመን ጦርነት ወደ ደጃችን መጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ውስጥ በነበረችበት ወራት፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ የተሰደደው ሰው ከቀረው ዘመዱ ጋር ድምፅ መለዋወጥ አልቻለም ነበር። ሰዎች ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ እኔም በጡረታ ላይ ስለ ነበርሁ፣ የሰፈሬን ልጆች ሰብስቤ ልብ መስፋት አስተማርኋቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጅ በአንድ ምንጣፍ ተቀምጦ ይሰፋ ነበር፤ ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ ግማሽ ልብ ትቈርጣላችሁ፤ ሲዘረጋ ሁለቱ ጐን እኩል ይሆናል። ሁለት እራፊ ፊትና ፊታቸውን ገጥማችሁ በወረቀቱ ልክ ትቈርጣላችሁ። ከጫፉ ጥቂት ገባ ብላችሁ ዙሪያውን በጠባብ በጠባቡ ትጠቅሙታላችሁ፤ በጐኑ በኩል ግን ሁለት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትተዋላችሁ። ከላይ ባለው ስርጕድ ላይ ስፌቱ ሳይነካ በመቀስ ጫፍ ጥቂት ቀደድ ካላደረጋችሁት፣ ሲገለበጥ ይጨማደዳል። ከዚያ ገልብጣችሁ ባዘቶ ትሞሉታላችሁ፤ ቀዳዳውንም ክሩ እንዳይታይ አድርጋችሁ ትዘጉታላችሁ። ለልጆቹ የሰጠኋቸው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ከአንድ እራፊ ሁልጊዜ ሁለት ልብ ይሠራ፤ አንዱን ስጡ፣ ጥንዱን አስቀምጡ። አንዲት ብልህ ልጅ ለምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔም፣ «የሰጠሽው ሰው ባይረሳሽ እንኳ አንቺ እንዳትረሺው ነው» አልኋት።

እንግዲህ ወጣቶች፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬው ይህ ነው። በገንዘብ የተገዛ ስጦታ የሰጪውን ሀብት ይናገር ይሆናል፤ በእጅ የተሰፋ ስጦታ ግን የሰጪውን ቃል ይዟል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ስጦታ በዋዛ አትስጡ። ልብን ለብዙዎች በቀላሉ እየሰጡ፣ ጥንዱን ግን የትም የሚጥሉ አሉ፤ እነርሱ ጨርቅ ሰጡ እንጂ ልብ አልሰጡም። ስትሰጡ ልትመለሱ፣ ልትጠይቁ፣ ልታስታውሱ ቈርጣችሁ ስጡ። ቃላችሁንም ለመፈጸም የሚያግዳችሁ ረኃብ ወይም ጦርነት ካልሆነ በቀር፣ ስንፍና አያግዳችሁ።

ግእዙ ልብስ ለሰፋው «ሰፈየ»፣ ለተዘረጋው «ሰፍሐ» ብሎ ይለያል፤ በአማርኛችን ግን ሁለቱም «ሰፋ» ሆነው አንድ ድምፅ ይዘዋል። ልብስ ሰፊውም ልበ ሰፊውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሁለቱን ሙያ አንድ ሰው ቢይዛቸው ምን ያህል መልካም ነው! እጃችሁ መርፌ ይልመድ፣ ልባችሁም ይስፋ።