ጠርሙሱ ሲገነፍል ጥፋቱ የማን ነው?

ወደ አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቀን እማራለሁ፤ ማታ ማታ በአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ቅዳሜ ምሽት ልደት የሚያከብሩ እንግዶች ትልቅ ጠርሙስ የቤልጂየም ቢራ አዘዙ። ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣው አውጥቼ፣ በፎጣ ይዤ ጠረጴዛው ዘንድ ደረስሁና ከፈትሁት። ቢራው ቡልቅ ብሎ ወጣ። በመዳፌ ባፍነው በጣቶቼ መሐል እየሾለከ የባለ ልደቱን ሸሚዝ አጠበው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ከግማሽ አይበልጥም ነበር።

«ነቅንቀኸዋል» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። የጠርሙሱ ዋጋና የሸሚዙ ማጠቢያ ከደሞዜ ተቆረጠ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ የዚያኑ ሣጥን ሁለተኛ ጠርሙስ ከፈተ። ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳይነካው ያደረ ጠርሙስ ነበር። እሱም ገነፈለ። ሥራ አስኪያጁ ሳቀና ወለሉን እንድወለውል ነገረኝ። የተቆረጠው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ገንዘቡን ከረሳሁት ቆይቷል፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነበር? ውድ አንባቢ፣ ይህን ጥያቄ ጠማቂዎች ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ሲጠይቁ እንደኖሩ የገባኝ ዘግይቼ ነው። የመልሱ ታሪክም ከቢራ ያለፈ ነገር ያስተምራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ቢራው ዓይነት ጥቂት ልበል። ፋብሪካ ውስጥ ተጣርቶ፣ ጋዙም እዚያው ተሞልቶለት የሚታሸግ ቢራ አለ። ሌላው ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላም መፍላቱን የሚቀጥል ነው። ሕያው እርሾና ጥቂት ስኳር ይዞ ይታሸጋል፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። ከጠርሙሱ ሥር የሚቀመጠው አተላ እርሾው ነው። በእኛ ቋንቋ «ጉሽ» ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ታዲያ የእናቶቻችን ጉሽ ጠላ ለምን አይገነፍልም? ጋኑ ቢከደንም ጋዙ ማምለጫ ቀዳዳ ስለማያጣ ነው። ጠጅም በጋኑ እያለ ተንፍሶ ይጨርሳል። በስደት አገር ግን ያልደረሰ ጠጅ በጠርሙስ ሞልቶ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ የዘጋ ሰው፣ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ከኮርኒሱ ላይ ያነብበዋል። እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ጠርሙስና ውታፍ ሲገናኙ ነው።

የእንግሊዞች ታሪክ ይህን ግንኙነት ከአንድ ስደተኛ ጋር ያያይዘዋል። አሌክሳንደር ኖዌል ይባላል። በንግሥት ሜሪ ዘመን (1553–1558) በሃይማኖቱ ምክንያት ወደ ጀርመን ምድር ተሰደደ፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ተመልሶ በ1560 የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ ሆነ። ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር። ቶማስ ፉለር የተባለው ጸሐፊ በ1662 በታተመ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ኖዌል አንድ ቀን ዓሣ ሲያጠምድ የቢራ ጠርሙሱን ሣር ውስጥ ረስቶ ሄደ። ከቀናት በኋላ አግኝቶ ሲከፍተው እንደ ጠመንጃ ጮኸበት። የጠርሙስ ቢራ መነሻው ይህ ነው ተብሎ ይታመናል ይላል ፉለር። ተረት ይሁን እውነት ማረጋገጥ አይቻልም። ልብ ማለት የሚገባን ግን ስለ ጠርሙስ ቢራ ከተነገሩት የመጀመሪያዎቹ ወሬዎች አንዱ ስለ ጣዕሙ ሳይሆን ስለ ፍንዳታው መሆኑን ነው።

በዚያ ዘመን ጥፋተኛው የታወቀ ነበር፤ ጠርሙሱና ያሸገው ሰው ናቸው። በ1615 የታተመው የገርቬስ ማርክሃም የባልትና መጽሐፍ፣ ቢራ በጠርሙስ የምታኖር እመቤት ውታፉን በጠንካራ ሲባጎ እንድታስር፣ ጠርሙሶቹንም በቀዝቃዛ ምድር ቤት አሸዋ ውስጥ እንድትቀብር ይመክራል። በዚያው ዓመት ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ የመስታወት ምድጃዎች እንጨት እንዳያነዱ ከለከለ። መስታወት ሠሪዎቹ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ፤ የከሰሉ እሳት ይበልጥ የጋለ ስለነበር ወፍራምና ጠንካራ ጠርሙስ መሥራት ተቻለ። በ1662 ደግሞ ክሪስቶፈር ሜሬት የተባለ ሐኪም፣ የወይን ነጋዴዎች ወይናቸው አረፋ እንዲኖረው ስኳር እንደሚጨምሩበት ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አስረዳ። ጠርሙሱ ጠነከረ፤ የስኳሩ ጥቅም ታወቀ። ልኩ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ይህ አለማወቅ ምን እንዳስከፈለ በፈረንሳይ የሻምፓኝ ምድር ቤቶች ታየ። አንዱ ጠርሙስ ሲፈነዳ ስባሪው ጎረቤቱን ይመታል፤ ያም ሌላውን። ሠራተኞቹ ፊታቸውንና ዓይናቸውን ለማዳን የብረት ጭንብል አጥልቀው ይገቡ ነበር። መፍትሔውን ያመጣው በ1830ዎቹ ዣን ባፕቲስት ፍራንሷ የተባለ የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር በመለካት፣ ምን ያህል ቢጨመር ጠርሙሱ እንደሚችለው የሚያሰላ ዘዴ አወጣ። ዛሬም ቤቱ ውስጥ የሚጠምቅ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሒሳብ አለ፤ በአንድ ሊትር 4 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ፣ ከመጠጡ መጠን ጋር እኩል የሆነ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ተራ የጠርሙስ ቢራ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ጋዝ ይይዛል፤ የቤልጂየሞቹ ሦስትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ስኳሩን በዓይን ገምቶ የጨመረ ሰው፣ ወይም ፍላቱ ሳያልቅ የቸኮለ ሰው፣ ጠርሙሱ ቢገነፍል ጥፋቱን ከራሱ ይፈልግ።

ሁለተኛው ተከሳሽ እርሾው ሆነ። በ1837 ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላቱርና ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን፣ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን በየፊናቸው አስታወቁ። ሉዊ ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ በጻፈው መጽሐፉ፣ የቢራ መበላሸት የሚመጣው ባልተጠሩ ረቂቅ ተሕዋስያን መሆኑን አሳየ። በ1883 በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተባዛ ንጹሕ እርሾ ለጠመቃ አበቃ። ቢራውን ያሳመመው ከቤቱ እርሾ ጋር ተቀላቅሎ የገባ የዱር እርሾ መሆኑን የለየው እሱ ነው። በ1904 የካርልስበርግ ሰው የሆነው ኒልስ ክላውሰን፣ የእንግሊዝ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ የሚሠራ ሌላ እርሾ አግኝቶ ብሬታኖማይሲስ አለው። በ1952 ደግሞ ሌሎች እርሾዎች የማይበሉትን የስታርች ቅሪት ቆራርጦ የሚበላ ዝርያ ስም ተሰጠው።

ለጠርሙሱ የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። ጠማቂው ፍላቱ አለቀ ብሎ በልኩ ስኳር ጨምሮ ያሽጋል። የዱር እርሾው ግን ጠማቂው ያልቆጠረውን ምግብ እየበላ ለወራት ይቀጥላል። በወሩ ሲከፈት ደኅና የነበረው ቢራ በስድስተኛው ወር ይገነፍላል፤ ጣዕሙም ተለውጦ፣ ሰውነቱም ቀጥኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የንጽሕና ጉድለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ታሪኩ ባጠረ ነበር። ግን ሌላ ዓይነት ግንፈላ ቀረ። ስኳሩ ተለክቷል፤ እርሾው ንጹሕ ነው፤ ጣዕሙ ምንም አልሆነም፤ የጠርሙሱ ግፊት ሲለካም ልክ ነው። ይሁን እንጂ ቆርኪው ሲነሣ ቢራው ይነሣል። ተጣርቶና በሙቀት ታክሞ፣ አንድም ሕያው እርሾ የሌለበት ቢራ ሳይቀር ይገነፍል ነበር። ይባስ ብሎ አንዳንድ ዓመት በአንድ አገር ያሉ ብዙ ጠማቂዎች ባንድ ጊዜ ይቸገራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ወረርሽኝ ይመስል ነበር።

ይህን ለመረዳት መጠየቅ ያለበት «ለምን ገነፈለ?» የሚለው ሳይሆን «ሌላው ጠርሙስ ለምን አልገነፈለም?» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ በ1803 እንዳሳየው፣ ፈሳሽ የሚይዘው ጋዝ መጠን በግፊቱ ልክ ነው። ቆርኪው ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፤ ቢራውም ሊይዝ ከሚችለው በላይ ጋዝ ይዞ ይቀራል። ሆኖም ጋዙ ዝም ብሎ አረፋ መሆን አይችልም፤ የሚጀምርበት ጥንስስ ያስፈልገዋል። በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ያለ ጭረት ወይም ብናኝ፣ በመነቅነቅ የገባ ጥቃቅን የአየር አረፋ፣ ይህ ሁሉ ጥንስስ ነው። ደኅና ቢራ ጥንስሱ ጥቂት ስለሆነ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። የነቀነቁት ጠርሙስም ለጥቂት ጊዜ ቢተዉት ይረጋል። በሚገነፍለው ቢራ ውስጥ ግን እልፍ አእላፍ የማይጠፉ ጥንስሶች ተቀምጠዋል። ማን አስቀመጣቸው?

መልሱ ከፋብሪካው ውጭ ነበር። ግንፈላው የሚበዛው ገብሱ ዝናብ በመታው ዓመት መሆኑ በ1930ዎቹ ተስተውሎ ነበር። በ1960ዎቹ ዴንማርካዊው የርትሰንና ባልደረቦቹ፣ ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ የያዘው ገብስ ግንፈላ እንደሚያመጣ አሳዩ። በ1970ዎቹ ጃፓናውያኑ አማሃና ኪታባታኬ ከሻጋታ ውስጥ ይህን የሚያደርገውን ፕሮቲን ለይተው አወጡ። በ1991 ደግሞ ሆላንዳዊው ቬሰልስ፣ ቢራን ሳያስብ እንጉዳይ ሲያጠና ላገኛቸው ፕሮቲኖች ሃይድሮፎቢን የሚል ስም ሰጣቸው፤ ውኃ የሚሸሹ ማለት ነው። በ2005 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሁለቱን አገናኙ፤ ቢራውን የሚያስገነፍለው የሻጋታው ሃይድሮፎቢን ነው አሉ። በአንድ ሊትር ከአንድ ሚሊግራም መቶኛ ያነሰ እንኳን ይበቃል። ከ2010 ወዲህ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሥራውን ሲያብራሩ፣ ፕሮቲኑ ደቃቃ የጋዝ አረፋዎችን እንደ ቆዳ ጠቅልሎ ከመሟሟት ያድናቸዋል፤ ቆርኪው ሲነሣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይፈነዳሉ ይላሉ።

ሻጋታው ይህን ፕሮቲን የሠራው ቢራ ሊያበላሽ አይደለም። ክሮቹን ከእርጥበት አውጥቶ ወደ አየር ለመዘርጋት የሚለብሰው የዝናብ ልብሱ ነው። ገብሱ ሲያብብ ዝናብ ከመታው ሻጋታው ዛላው ላይ ይሰፍራል፤ ገብሱ ብቅል ሊሆን ሲዘፈዘፍ እንደገና ያድጋል። ሻጋታው በብቅሉ መድረቂያና በመፍያው ሙቀት ይሞታል፤ ልብሱ ግን ሙቀቱን ችሎ እስከ ጠርሙሱ ይደርሳል።

ይህ የቀልድ ነገር እንዳይመስለን። በ1993 በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ የፉዛሪየም ወረርሽኝ ስንዴና ገብሱን መታ። ሻጋታው ቮሚቶክሲን የተባለ መርዝም ስለሚያመነጭ፣ ጠማቂዎች የዚያን አካባቢ ገብስ መግዛት ቀነሱ። ለዘመናት በቢራ ገብስ የኖረው ገበሬ ምርቱን በከብት መኖ ዋጋ ለመሸጥ ተገደደ፤ የቢራ ገብስ እርሻም በዓመታት ውስጥ ደረቅ ወደሆኑት ወደ ሞንታናና አይዳሆ አዘነበለ። የገነፈለ ቢራ ሁሉ መርዝ አለው ማለት አይደለም። ግን ቆርኪው ላይ የታየው አረፋና የገበሬው ኪሳራ ከአንድ ዝናብ የመጡ ነበሩ።

እንግዲህ ቤቱ ውስጥ ጠርሙስ ለገነፈለበት ሰው ታሪኩ አንድ መላ ይሰጠዋል። ከሣጥኑ አንዱ ብቻ ከገነፈለ ያን ጠርሙስ መርምር፤ ተጨርሶ ወይም ሳይታጠብ ይሆናል። ሁሉም ገንፍለው ጣዕሙ ከተለወጠ የዱር እርሾ ጠርጥር። ሁሉም ገንፍለው ጣዕሙ ደኅና ከሆነ ስኳርህን አስላ፤ ሒሳቡ ልክ ከሆነ ዓይንህን ወደ ብቅሉና ወደ ማሳው አንሣ። ምክንያቱ እስኪታወቅ ጠርሙሶቹን በደንብ አቀዝቅዝ፤ ፊትህን አርቀህ ቀስ ብለህ ክፈት።

የኔው ጠርሙስ ከየትኛው ወገን እንደነበር ዛሬ መናገር አልችልም። ሸሚዙን ስጠርግ ቢራውን መቅመስ አልታሰበኝም። ሁለተኛው ጠርሙስ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ መገንፈሉ ግን ምስክር ነው፤ ጥፋቱ ከእጄ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ጠርሙሱን በመጨረሻ የነካው ሰው ይታያል፤ ስኳሩን የሰፈረው፣ በርሜሉን ያጠበው፣ ገብሱ ላይ የዘነበው ዝናብ አይታዩም። ስለዚህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ቅጣቱ ቅርብ ባለው ላይ ያርፋል። ሳይንሱ ከቆርኪው ተነሥቶ ማሳው ለመድረስ ሦስት መቶ ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። ከደሞዝ ለመቁረጥ ግን አንድ ምሽት በቃ። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።