በማዘዣ የገባ ሱስ

ዋጫ ላደገ ሰው ሐራራ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አገሩ ከፋ ነው፣ የቡና መገኛ። የጠዋቱ ቡና ያመለጣት እናት ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ትውላለች፤ አንድ ስኒ ስትቀምስ ይለቃታል። ማንም "ምን ያለች ደካማ ናት" አይላትም። ሰውነት የለመደውን ሲነፍጉት እንደሚያምፅ ሁሉም ያውቃል።

ዘመናዊው ሕክምና ይህችኑ እውቀት ለእንቅልፍና ለጭንቀት በሚታዘዙ ክኒኖች ላይ ለመቀበል ስንት ዓመት እንደፈጀበት ስታነቡ ግን ትገረማላችሁ። እኔ ኮድ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ ታሪክ የገባሁት አክስቴ ለዓመታት በማዘዣ የወሰደችውን ዳያዜፓም ማቆም ፈልጋ "የት ሄጄ ልታከም?" ስላለችኝ ነው። ከእኔ በፊት የጠየቀችው አንድ ባለሙያ "ከዛሬ ጀምረሽ ጣይው" ብሏት ነበር። ይሄ ምክር አደገኛ መሆኑ የታወቀው ደግሞ እሷ ከመወለዷ በፊት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከዳያዜፓም በፊት ባርቢቹሬት የሚባሉት ነበሩ። በ1903 ቬሮናል ይፋ ሆነ፣ በ1912 ፌኖባርቢታል ተከተለ። ይሄ ሁለተኛው ዛሬም በአገራችን ለሚጥል በሽታ ይሰጣል። ሱስ ያስይዛሉ ወይስ አያስይዙም የሚለው ለአሥርት ዓመታት አከራከረ። በ1950 ሃሪስ ኢዝቤልና ባልደረቦቹ ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ በሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የሱስ ሆስፒታል ለፈቃደኛ እስረኞች መድኃኒቱን ለወራት በብዛት ሰጥተው በድንገት አቋረጡባቸው። ሰዎቹ ተንቀጠቀጡ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ወደቁ፣ የሌለ ነገር አዩ። እስር ቤት ያለ ሰው "ፈቃደኛ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እኔ አይገባኝም። ውጤቱ ግን ክርክሩን ዘጋው።

ወይም የዘጋው መሰለ። ከናዚ አውሮፓ ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ኬሚስት ሊዮ ስተርንባክ ለሮሽ ኩባንያ ሲሠራ አዲስ የመድኃኒት ቤተሰብ አገኘ። ሊብሪየም በ1960፣ ቫሊየም ማለትም ዳያዜፓም በ1963 ገበያ ላይ ዋሉ። እውነት ለመናገር ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ባርቢቹሬት በመጠኑ ከበዛ ይገድላል፣ አዲሶቹ ለብቻቸው ሲወሰዱ እንደዚያ አይደሉም። "ደህና ነው" የሚለው ቃል ግን ከሚገባው በላይ ተለጠጠ። በ1961 ሊዮ ሆሊስተር የሚባል ሐኪም ለወራት ብዙ ሊብሪየም ሲወስዱ ከቆዩ ሕመምተኞች መካከል 11ዱን በድንገት መድኃኒት ወደሌለው ክኒን ቀየራቸው። 10ሩ ታመሙ፤ ሁለቱን አንቀጠቀጣቸው። ጽሑፉ ታተመ፣ ማዘዙም ቀጠለ። በ1978 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ቫሊየም ከ2 ቢሊዮን ክኒን በላይ ነበር።

አሁን ወደሚገርመኝ ቁጥር ልምጣ። በ1980 የእንግሊዝ የመድኃኒት ገምጋሚ ኮሚቴ ከ1960 እስከ 1977 ድረስ በአገሩ የእነዚህ መድኃኒቶች ጥገኛ የሆኑትን ሰዎች ገመተ፤ 28 ሰው። ሚሊዮኖች በሚውጡት መድኃኒት፣ በ17 ዓመት ውስጥ፣ 28።

እንዴት? መልሱ ቁጥሩ የመጣበት መንገድ ላይ ነው። መድኃኒቱ የአንጎልን ፍሬን ያጠነክራል። ለወራት ሲወሰድ አንጎል የራሱን ፍሬን ያላላል፤ "ሌላ የሚረግጥልኝ አለ" እንደማለት። በድንገት ስታቆሙት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደበጠሰ አይሱዙ መሆን ነው፦ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፍርሃት ይነግሣል። ሐኪሙ ጋ ስትመለሱ ደግሞ ይህ ሁሉ መጀመሪያ ክኒኑ የታዘዘለትን ጭንቀት ቁርጥ ነው። "አየሽ፣ በሽታው ተመለሰ፤ መድኃኒቱ ያስፈልግሻል" ትባላላችሁ። ቡና ያጣችውን እናት "የራስ ምታት በሽታ አለብሽ" ብሎ ቡና ማዘዝ ነው እንግዲህ። እንደዚህ ከተቆጠረ 28ም በዝቷል።

ቁጥሩን ያፈረሱት ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በ1978 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ በአልኮልና በታዘዙላት መድኃኒቶች ሱስ ለመታከም ባሕር ኃይል ሆስፒታል ገባች፤ ይህንንም በአደባባይ ተናገረች። በእንግሊዟ ኒውካስል ደግሞ የመድኃኒት ሳይንስ ምሁሯ ሔዘር አሽተን ከ1982 እስከ 1994 ለዚሁ ብቻ ክሊኒክ ከፍታ 300 ያህል ሰዎችን አከመች። አሽተንን የምወዳት ባገኘችው መድኃኒት አይደለም፣ አዲስ መድኃኒት አላገኘችም። ሰዎቹን አመነቻቸው። ቶሎ የሚያልቅ ክኒን የሚወስዱትን ከሰውነት ቀስ ብሎ ወደሚወጣው ዳያዜፓም ቀየረች፤ ከዚያ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ አንድ አሥረኛ ገደማ መቀነስ፣ ፍጥነቱን ሕመምተኛው ራሱ እየወሰነ። በ1988 የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ አካል መድኃኒቶቹ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በላይ እንዳይታዘዙ መከረ።

እጄ አላርፍ ብሎ አሰላሁት። በየሁለት ሳምንቱ ከቀረው ላይ አንድ አሥረኛ ብትቀንሱ፣ ከመነሻው ግማሽ በታች ለመውረድ 7 እርምጃ፣ ከአንድ አሥረኛ በታች ለመውረድ 22 እርምጃ ይፈጃል። 44 ሳምንት ነው። (ይህን ይዛችሁ ብቻችሁን እንዳትጀምሩ፤ መጠኑን የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል።)

እዚህ አገር "ሱስ መታከም" ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አማኑኤል ሆስፒታል ነው። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመሥርቶ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ስሙ ራሱ ማስፈራሪያ መሆኑን አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሌላው የሚታየን ጠበል ነው፤ ችግሩ ጠበሉ ሳይሆን አንዳንዱ ጋ "መድኃኒቱን ጥለህ ግባ" መባሉ ነው። ፌኖባርቢታል ወይም ዳያዜፓም ሲወስድ ለከረመ ሰው ይህ የሌክሲንግተንን ሙከራ መድገም ነው። በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር ሊወሰድ እንደሚችል በግልጽ ተናግረው ነበር። ለእነዚህ ክኒኖችም እንደዚያ የሚናገር አባት ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ከባድ ሁኔታ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ አንቀጥቅጦት የሚያውቅ ወይም ከአልኮል ጋር የሚወስድ፣ ሆስፒታል መተኛት አለበት። ለብዙው ሰው ግን የኒውካስል ሕክምና የሚጠይቀው አልጋ ሳይሆን የማይቋረጥ ማዘዣና የሚያምን ሰው ነው። ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ዋጫ ደግሞ ከቦንጋም አልፎ ነው። ለ22 እርምጃ 22 ጊዜ አዲስ አበባ መመላለስ የሚችል የለም። ቦንጋ ግን ይቻላል፤ አክስቴም የጀመረችው እዚያው፣ ከአንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር ነው። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀቻት "ስንት ትወስጃለሽ?" ብላ ነው። አክስቴ ትክክለኛውን ቁጥር ለመናገር ፈራች፤ ማዘዣው ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ ካወቁ የሚከለክሏት መስሏት ነበር።

አሁን ያስቸገረው የክኒኑ መጠን ነው። ፋርማሲው የሚያመጣው ባለ 5 ሚሊግራሙን ነው፣ አንድ አሥረኛ ከዚያ ላይ በምላጭ አይቆረጥም።