«ኩል» ማለት ቀዝቃዛ ነው?

በእንግሊዝኛ ክፍላችን ተማሪዎችን ግራ ከሚያጋቡት ቃላት አንዱ «ኩል» ነው። ኢስሊ የሚኖር ወጣት በቀን ስንት ጊዜ ይሰማዋል! መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ግን «ቀዝቃዛ» የሚል ያገኛል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ቀዝቃዛ ሰርግ የሚመኝ የለም፤ ሰርግም አቀባበልም ሞቅ ሲል ነው የሚያምረው። ታዲያ ቅዝቃዜ እንዴት ሙገሳ ሆነ?

ታሪኩ በአብዛኛው የሙዚቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1920ዎቹ የጥቁሮቹ ጃዝ የሚደነቀው «ሆት»፣ ማለትም ትኩስ፣ እየተባለ ነበር። ሉዊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1925 ቺካጎ ላይ ሙዚቃ ያስቀረጸበት ቡድን ስሙ ራሱ «ሆት ፋይቭ» ነው። «ኩል» ደግሞ ረጋ ያለ፣ ስሜቱን የሚገዛ የሚል ትርጉም ከጥንትም ነበረው። ጥቁር አሜሪካውያን ግን ማሞገሻ አደረጉት። ዞራ ኒል ኸርስተን በ1933 ባሳተመችው አጭር ልቦለድ ውስጥ በዚሁ ስሜት ይገኛል። በ1940ዎቹ ቃሉን በሙዚቀኞች መካከል በማስፋፋት ስሙ የሚነሳው የሳክስፎን ተጫዋቹ ሌስተር ያንግ ነው። ማይልስ ዴቪስ በ1949 እና በ1950 ኒውዮርክ ያስቀረጻቸው ሙዚቃዎችም በ1957 ባንድ አልበም ሲወጡ «በርዝ ኦፍ ዘ ኩል»፣ የኩል ልደት፣ ተባሉ። በዚያ የዘረኝነት ዘመን ጥቁር ሰው ተሰድቦ ቢቆጣ ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ሳይፈላ መቆየት ትልቅ ችሎታ ነው፤ ቃሉም ክብሩን ያገኘው ከዚህ ይመስለናል።

የሚገርመው «ሆት»ም ከሙገሳነቱ አልወረደም። አንድ ዘፈን ኩልም ሆትም ቢባል ያው አድናቆት ነው። ስልክ «ሆት» ነው ከተባለ ግን የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና ገዢ ይጠንቀቅ! አቀባበል «ኩል» ነበር ሲባልም ፊት ነሱን ማለት ነው። ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ነገሩ አይከብዳቸውም። «ማምቦ?» ሲባሉ «ፖዋ» ብለው ይመልሳሉ፤ «ኩፖዋ» በስዋሂሊ መቀዝቀዝ ነው እኮ። እኛስ ብንሆን ቁጣ ሲበርድ ደስ ይለን የለ? ገበያ ሲቀዘቅዝ ነው የምናዝነው።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በስደተኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ሰው «ያን ቀን ሞቅ ብሎኝ ነበር» ቢል መጠጥ ቀምሼ ነበር ማለቱ ነው። አስተርጓሚው ቃል በቃል «ሆት» ብሎ ካስተላለፈው፣ ጸሐፊው ሙቀት አስቸግሮት ነበር ብሎ ይመዘግባል። ሰውየው በሌላ ቀን «ጠጥቼ ነበር» ሲል ቃሉን እንደለወጠ ይቆጠርበታል። ለዚህ ነው ቃሉን ለብቻው የማናስጠናው። ለሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቻችን ማታቱ ውስጥም ሆነ ገበያ የሰሙትን «ኩል» እና «ሆት» ከነዓረፍተ ነገሩ ጽፈው እንዲያመጡ አዘናል።