ዓመተ ምሕረት ስለ ተባለው ዘመናችን

በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ደንጊያ ያመጣው፥ እንጨት የተሸከመው፥ ገንዘብ ያዋጣው ሁሉ ይመሰገናል፤ ምስጋናውም የተገባ ነው። ነገር ግን የሚሰጠው ያጣ ድኻ በልቡ እንዳያዝን፥ አንድ የታሪክ ነገር ላስታውስ ወደድሁ።

አባቶቻችን ከአዳም እስከ ጌታ ልደት ያለውን 5500 ዘመን ቈጥረው ዓመተ ፍዳ አሉት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ዓመተ ምሕረት አሉት እንጂ ዓመተ ምግባር አላሉትም። ሰው በገዛ ጽድቁ የሚድን ቢሆን፥ ነቢያት ከሲኦል በወጡ ነበር።

ከበላያችን በደጋው ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብ በጥርኝ ውኃ መዳኑ በዚያ ይነገራል። እኛ የይፋት ቈለኞች በበጋ የውኃን ዋጋ እናውቃለን፤ ሆኖም ጥርኝ ውኃ የ78 ነፍስ ካሳ ይሆናል የሚል ከመካከላችን የለም። ሚዛኑን የደፋው ቃል ኪዳኑ ነው።

ሕፃናቶቻችንስ፥ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ፥ ምን ጾመው፥ ምን መጽውተው ነው? ልጅነት አስቀድሞ በጸጋ ይሰጣል፤ ምግባርም ፍሬ ሆኖ ይከተላል። ፍሬ የሌለውም ዛፍ መድረቁን ይመሰክራል።

በኦሪት ሕግ በ50ኛው ዓመት ባሪያው ዋጋ ሳይከፍል አርነት ይወጣ ነበር። እንግዲህ፥ ወገኖቼ፥ እንደ ገዢ ሳይሆን ዕዳው እንደ ተማረለት ሰው ደስ ብሎን እንሥራ። ለዘለዓለሙ አሜን።