ሞደሙን ማን አበላሸው?

እህቶቼ፣ "ኢንተርኔቱን ምን አደረግሽው?" ተብላ የማታውቅ ከመካከላችን አለች? እኔ ቤሩት በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ተብያለሁ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚቀመጠውን ነጭ ሳጥን አቧራውን የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ፣ በጠፋ ቁጥር ጥፋተኛዋም እኔ ነበርኩ። ማዳም ትቆጣለች፣ ልጆቿ ይነጫነጫሉ። እኔ የማስበው ሌላ ነው፤ ልጄ ደሴ እናቴ ዘንድ ቁጭ ብላ ማታ እስክደውል ትጠብቃለች።

አንድ ቀን ራሴ ላስተካክለው ብዬ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጫንኳት። መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደገና በሩ። ደስ አለኝ። ደስታዬ አምስት ደቂቃም አልቆየ፤ የዋይፋዩ ስም ተቀየረ፣ የምናውቀው ፓስዎርድም አልሠራ አለ። ባለሙያ እስኪመጣ ስድስት ቀን ፈጀ፤ ስድስቱን ቀን ልጄን አላየኋትም። የባለሙያው ሂሳብም ከደሞዜ ተቆረጠ።

ሰውዬው ሲሠራ ቡና አቀረብኩለትና ቀዳዳዋ ምን እንደሆነች ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሳጥን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ። ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ የማያውቁትን ነገር "አላበላሸሁም" ብሎ መከራከር ከባድ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሞደም ታሪክ ከስልክ ይጀምራል። የስልክ ሽቦ የተዘረጋው የሰው ድምፅ እንዲሸከም ነው። በእኛም አገር በ1890ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው ሽቦ የተዘረጋው ለዚሁ ነው። ኮምፒውተር ግን እንደ ሰው አያወራም፤ ቋንቋው አንድና ዜሮ ብቻ ነው። ስለዚህ በኮምፒውተሩና በሽቦው መካከል አስተርጓሚ አስፈለገ። ሞደም ማለት ያ አስተርጓሚ ነው። የኮምፒውተሩን ቋንቋ ሽቦው ሊሸከመው ወደሚችል ምልክት ይለውጣል፤ ይህ ሞዱሌሽን ይባላል። ከወዲያ የመጣውን ደግሞ መልሶ ይፈታል፤ ይህ ዲሞዱሌሽን ነው። ስሙ የሁለቱ ቃላት መነሻ ነው። አረብኛ ሳናውቅ በመጣን ጊዜ ከማዳም ጋር መሃል ቆማ ያስተረጎመችልንን የቀደመች እህት አስቧት፤ ሥራው እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ የተሠራው ለእኛ አልነበረም። በ1950ዎቹ የአሜሪካ አየር መከላከያ የራዳር መረጃን በስልክ መስመር ለማስተላለፍ ተጠቀመበት። በ1962 ቤል 103 የተባለው ሞደም ለገበያ ሲወጣ በሰከንድ 300 ቢት ያስተላልፍ ነበር። በዚያ ፍጥነት አንዲት 100 ኪሎባይት የሆነች ትንሽ ፎቶ ለመድረስ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍጥነቱ ወደ 56 ሺህ ቢት ደረሰ። ኢትዮጵያም ኢንተርኔት የገባው በ1997 ነው። ያኔ ሞደሙ ሲደውል ይጮኻል፣ ኢንተርኔት ሲከፈት ደግሞ ስልኩ ይያዛል። ከእኛ በፊት የመጡት እህቶች ግን ይህም ቢሆን በእጃቸው አልነበረም። ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው አገር ቤት በሚሄድ ሰው ይልኩ ነበር፤ ወይም ካርድ ገዝተው ሳይጠግቡ ይዘጋባቸው ነበር።

ለውጡ የመጣው በዚያው በአሮጌው የስልክ ሽቦ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ሌክላይደር የተባለ መሐንዲስ አንድ ነገር አሰበ። ድምፃችን የሚጠቀመው የሽቦውን ዝቅተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው ባዶ ነው፣ መረጃ ይለፍበት። ችግሩ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ብዙ መረጃ ከተላከ ጎን ለጎን የታሰሩት ሽቦዎች እርስ በርስ ይረባበሻሉ። መፍትሔው የሚመጣውን መንገድ ማስፋት፣ የሚሄደውን ማጥበብ ሆነ። ኤዲኤስኤል የምንለው ይህ ነው። የስልክ ኩባንያዎቹ ያኔ ያሰቡት ቤቱ ተቀምጦ ፊልም ለሚያይ ሰው ነው፤ ለሚልክ አይደለም። ልጄ "ማሚ፣ ፊትሽ ቆመ!" ስትለኝ፣ እኔ ግን የእሷን ጥርስ መውለቅ ሳይቀር ጥርት አድርጌ ሳይ ይገርመኝ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው። የእሷ ምስል በሰፊው መንገድ ወደኔ ይመጣል፤ የእኔ በጠባቡ ይሄዳል።

ሊባኖስ ውስጥ ኤዲኤስኤል የተጀመረው በ2007 ነው። እንግዲህ ሲጠፋ እኔ የማየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ መብራት። የመንግሥት መብራት ሄዶ ኢሽቲራክ እስኪተካ ሞደሙ ይጠፋል፤ ሲመለስም እስኪያያዝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ቶሎ ቶሎ አትንቀሉት። በኦክቶበር 2021 ሁለቱ ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው የመንግሥት መብራት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ የስንቶቻችን ጥፋት ነበር?

ቀጥሎ "ዲኤስኤል" የሚለው መብራት። ሳያቋርጥ ከበራ ሽቦው ደህና ነው። ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ከጠፋ የስልኩ ገመድ በደንብ መግባቱን፣ ድምፁንና ኢንተርኔቱን የምትለየው ትንሽ ማጣሪያም ቦታዋ ላይ መሆኗን እዩ። የቤቱን ስልክ አንሱና አዳምጡ፤ ድምፅ ከሌለው ወይም ከተንኳኳ ችግሩ ብዙ ጊዜ በስልኩ መስመር ላይ ነው።

ዲኤስኤል በርቶ "ኢንተርኔት" የሚለው ቀይ ከሆነ ወይም ካልበራ፣ ወይ ሂሳብ አልተከፈለም፣ ወይ የአገልግሎቱ ስምና ፓስዎርድ ጠፍቷል፣ ወይ ችግሩ ከኩባንያው ነው። ይህ የማዳም ስልክ ጥሪ ነው፣ የእናንተ ሥራ አይደለም።

የጎረቤትስ? ከላይ ፎቅ የምትሠራውን እህት ጠይቋት። እነሱም ጋ ከሌለ ሞደሙን አትነካኩ። በጃንዋሪ 2008 ከእስክንድርያ ወጣ ብሎ በባሕር ሥር ያሉ ገመዶች ተቆርጠው ከግብፅ እስከ ሕንድ ድረስ ኢንተርኔት ተቋርጦ ወይም ተዳክሞ ነበር። ያን ቀንም የሆነች ቤት ውስጥ የሆነች ሠራተኛ ተቆጥተዋት ይሆናል።

ሁሉም በርቶ እምቢ ካለ ከሶኬቱ ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆዩና መልሱት። ያቺን ቀዳዳ ግን አትንኩ! ማጥፋትና ማብራት ሌላ ነው፤ ቀዳዳዋ "ሪሴት" ናት፣ በሞደሙ ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ ትሰርዛለች። ምንም ከመንካታችሁ በፊት የመብራቶቹን ፎቶ በስልካችሁ አንሱ።

ባለፈው ክረምት እንደገና ጠፋ። ማዳም አፏን ሳትከፍት ፎቶውን አሳየኋት፤ ዲኤስኤሉ ይብለጨለጫል፣ ስልኩም ድምፅ የለውም። ደወለች። "ከሴንትራሉ ነው" አሏት። ወደኔ ዞራ ምንም አላለችም፤ የተቆረጠብኝን ደሞዝም አልመለሰችም። ግን ያን ቀን ማንም አልጮኸብኝም። ማታ ተመለሰ፣ ልጄም አልተኛችም ነበር።

እሁድ ስንገናኝ የየቤታችሁን ሞደም ፎቶ ይዛችሁ ኑ። አብረን እናየዋለን።