ሞተ የተባለው ቋንቋ

እዚህ ጻካኔ ሱቅ ውስጥ የሚውል ወገናችን፣ ደንበኞቹ ዙሉ ሲናገሩ ምላስ ከላንቃ ተጣብቃ ስትላቀቅ የሚሰማውን ድምፅ ለምዶታል። ይህ ድምፅ ወደ ዙሉ የገባው የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ከሆኑት ከኮይና ከሳን ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው። ዳሩ ግን ድምፁን ካወረሱት ቋንቋዎች ብዙዎቹ ጠፍተዋል።

ከሳን ቋንቋዎች አንዱ ኑኡ ይባላል። ተናጋሪዎቹ በደቡባዊ ካላሃሪ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ምድራቸው ላይ ብሔራዊ ፓርክ ከተቋቋመ በኋላ ቀስ በቀስ ከቦታቸው ተገፍተው በነጮች እርሻዎች ተበተኑ። በዚያም ቋንቋቸው ስለተናቀ ልጆቻቸውን በአፍሪካንስ አሳደጉ። ኋላም ምሁራን ኑኡ ሞቷል ብለው ደመደሙ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ኤልሲ ቫልቦይ የተባሉ አሮጊት ቋንቋውን እንደሚናገሩ ታወቀና ድምፃቸው በቴፕ ተቀረጸ። ፍለጋው ሲቀጥል ሌሎችም አረጋውያን ተገኙ። በ1999 መንግሥት ለሕዝቡ መሬት ሲመልስ የአረጋውያኑ ትዝታ ለጥያቄው ድጋፍ ሆኖ ነበር።

ከተናጋሪዎቹ አንዷ በ1933 የተወለዱት ካትሪና ኢሳው ናቸው። በልጅነታቸው የእርሻው ጌታ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ከልክሏቸው ነበር። በስተርጅና ግን በአፒንግተን ከተማ በቤታቸው የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ሰላምታውን፣ የእንስሳቱን ስም፣ መዝሙሩን ያስተምሩ ጀመር። በ2014 የባኦባብ ኒሻን ተሸለሙ፤ በ2021 ደግሞ በኑኡ የተጻፈ የልጆች መጽሐፋቸው ታተመ። እርግጥ ጥቂት ቃላት ያወቀ ልጅ ቋንቋውን አቀላጥፎ ተናገረ አይባልም። ቢሆንም የተዘጋ በር ተከፍቷል።

ይህ ነገር በአገራችንም አለ። በዓባይ አካባቢ በጎጃም ይነገር የነበረውን ጋፋትኛ ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ ሲያጠናው ያገኘው ጥቂት ሽማግሌዎችን ብቻ ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ የለም። ቦታውን የወሰደው ደግሞ የራሳችን አማርኛ ነው። ትልቅ የሚመስለው ቋንቋም ቢሆን በሰው አገር ትንሽ ይሆናል።

ካትሪናን ዝም ያሰኛቸው ጌታ ነበር። እኛን ግን ከልጆቻችን ጋር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ እንዳንነጋገር የከለከለ ማንም የለም። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት ተኝተው ትተናቸው፣ ማታ ስንመለስ ተኝተው እናገኛቸዋለን፤ ቋንቋው የሚያልቀው በዚህ መካከል ነው። ስለዚህ ቢያንስ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ፣ ስለ አያቶቻቸው እንንገራቸው፤ በአያቶቻቸው ቋንቋ።