በጣና ሐይቅ ላይ የታንኳና የጀልባ ፉክክር፤ የደሴቶቹም መሻገሪያ ዋስትና

መግቢያ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ምን አለሽ ተራ ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ ሠፈር የማይገኝ ዕቃ የለም ለማለት ይቻላል። አሮጌው በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀው የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይወጣዋል፤ ቆራሌው ከየቤቱ ለቅሞ ያመጣው ብረት፣ ጠርሙስና ጄሪካን እየተለየ ይሸጣል። ገዢው በዋጋው ያልተስማማ እንደ ሆነ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ወደ ጎረቤቱ ደጃፍ ይዞራል። የኢኮኖሚ መምህራን ፉክክር የሚሉትን ነገር እኔ ከመጽሐፍ በፊት የተማርኩት ከዚህ ተራ ነው።

ሆኖም በዚሁ ተራ በርሜል ሲሸጡ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ይህን እምነቴን አነቃነቁት። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ነው። «አባባ፣ ጀልባው የቀረ እንደ ሆነ ምን ታደርጉ ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጀልባ ቢቀር ታንኳ አለ። ታንኳም የጠፋ ለት ግን ወዴት ይኬዳል? እዚህ ዞር ብትል ከጎረቤቴ ትገዛለህ፤ እዚያ ዞር ብትል ውሃ ነው» አሉኝ።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሽማግሌውን ቃል በታሪክ ለመመርመር የተነሣ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የደሴት ሕዝብ መሻገሪያ አስተማማኝ የሚሆነው ብዙዎች ሲፎካከሩበት ነው ወይስ አንድ ድርጅት በኃላፊነት ሲይዘው?

1ኛ፤ ታንኳውና ሠሪው

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በላዩ 37 ያህል ደሴቶች አሉበት ይባላል። ከእነዚህ ትልቁ ደቅ ሲሆን ገበሬና ነጋዴ፣ ካህንና ተማሪ የሚኖሩበት ምድር ነው። በአጠገቡ የነገሥታት አፅም የሚገኝበት ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ በምዕራብ ዳርቻውም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ከየብስ ጋር ያገናኘው ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሠራል፤ ነዶዎቹም በገመድ ተጠፍረው ጫፋቸው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የሚባል ነገር አይገባበትም። ለተሳፋሪውና ለዕቃው ከውስጥ ሌላ የደረቀ ደንገል ይነጠፋል። ቀዛፊው በረጅም ዘንግ ይገፋዋል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ታንኳው ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ስለሚመጣ አስተዋይ ቀዛፊ የሚነሣው በማለዳ ነው። በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው፤ ሌላው ሕዝብ ለብዙ ጊዜ ሲንቃቸው የኖረ ቢሆንም ሐይቁን የሚሻገረው በእነርሱ እጅ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ልብ ማለት ይገባል። ደንገሉ ያለው በየዳርቻው ነው፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን እጅና እውቀት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው የሐይቁን መሻገሪያ ብቻውን ሊይዘው አይችልም ነበር። አንዱ ቀዛፊ ዋጋ ቢያስወድድ ሌላው አለ፤ ሌላውም እንቢ ቢል ደሴተኛው ራሱ ይሠራል። የታንኳው ዘመን በራሱ መንገድ ምን አለሽ ተራን ይመስል ነበር ማለት ነው።

2ኛ፤ ውሃው ምሽግ በነበረ ጊዜ

በቀደመው ዘመን ግን የደሴት ደኅንነት ማለት ዛሬ የምንረዳው ዓይነት አልነበረም። በጦርነት ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ንዋየ ቅድሳታቸውን፣ ነጋዴዎችም ሀብታቸውን ወደ ደሴቶቹ ይልኩ የነበረው፣ ጠላት በቀላሉ የማይሻገር መስሏቸው ነው። ያን ጊዜ የደሴቱ ዋስትና የመሻገሪያው መኖር ሳይሆን የመሻገሪያው አለመኖር ነበር። ታንኳዎቹ ሁሉ ወደ ደሴቱ ከተሰበሰቡ ሐይቁ ቅጥር ይሆናል።

ይህም ዋስትና ሁልጊዜ አልያዘም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ሠራዊት ገሊላ የተባለችውን ደሴት ውሃውን ተሻግሮ እንደያዛት ፉቱሕ አል ሐበሻ ይተርካል። በዘመነ መንግሥታቸው ማለቂያ አካባቢም አጼ ቴዎድሮስ የምጽራሐን ደሴት አዘረፉ፤ አቃጠሉም። ደንገሉ የሚበቅለው በሁለቱም በኩል ስለ ሆነ፣ ጊዜና የሰው ኃይል ያለው ንጉሥ ታንኳ ከማሠራት የሚያግደው አልነበረም።

አጼ ቴዎድሮስ በዚህ ብቻ አልቆሙም። በእጃቸው ከነበሩት እንግሊዛውያን አንዱ፣ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፣ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ገጥመውባቸው ነበር። በሐይቁ ላይ የመኪና ጀልባ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ነው ማለት ይቻላል። ሐሳቡ የንጉሥ ነበር፤ ዓላማውም የደሴተኛውን ጉዞ ማቃለል አልነበረም።

3ኛ፤ የባለሞተሩ ጀልባ መምጣት

እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ድረስ ታንኳው ተወዳዳሪ አልነበረውም። ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ደሴቶቹን እየዞረ ሲያጠና የተሳፈረው በዚሁ በታንኳ ነው።

ለውጡ የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ኢጣሊያኖች በአዲስ አበባ ገበያውን ከአራዳ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ ሲያዛውሩ፣ በሰሜን ደግሞ ጎርጎራን ወደብ አደረጉ፤ ናቪጋታና የተባለ የጀልባ ኩባንያም ሥራ ጀመረ። ጠላት ከወጣ በኋላም የኩባንያው ስም ለብዙ ጊዜ ከሐይቁ አልጠፋም። በኋላ በደርግ ዘመን አገልግሎቱ የመንግሥት ድርጅት ሥራ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታትም በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅና በቁንዝላ በኩል ጎርጎራ የሚደርስ ጀልባ ይመላለስ ነበር።

ለደሴተኛው ይህ ታላቅ ነገር ነው። በሽተኛ ወደ ሐኪም፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት፣ ቡናና ጌሾም ወደ ገበያ በታወቀ ቀን ይሄዳል። ታንኳ የማይችለውን ጭነትና ማዕበል የብረት ጀልባ ይችላል። ነገር ግን ደንገል ከዳር ይታጨዳል፤ የብረት ጀልባ ግን ተራራና ሸለቆ አቋርጦ በየብስ መምጣት አለበት። በ2017 ዓ.ም. ጣና ነሽ 2 የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ጉዞ ስትጀምር ይህ እውነት ለሁላችንም ታይቶናል። መለዋወጫውም ነዳጁም እንዲሁ ከሩቅ ነው። ስለዚህ ባለሞተሩ ጀልባ የመጣ ዕለት መሻገሪያው ገንዘብና ፈቃድ ባላቸው ጥቂቶች እጅ ገባ። ያ አንድ ጀልባ ሲበላሽ የሚበላሸው መንገዱ ሁሉ ነው።

4ኛ፤ መንገዱ፣ ጎብኚውና ውሃው

የጀልባው ትክክለኛ ተፎካካሪ የሆነው ሌላ ጀልባ ሳይሆን መኪና ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዳር እያደገች፣ በምሥራቁ ዳርቻ በኩል ወደ ጎንደር የሚወስደውም መንገድ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ጭነት ወደ መኪና ዞረ። ለጀልባው የቀረለት መኪና የማይደርስበት ሰው ነው፤ ይኸውም ደሴተኛው። ይህ ደንበኛ ታማኝ ነው፤ ግን ቁጥሩ ትንሽ፣ አቅሙም ቀላል ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ሞተር ጀልባዎች በዙ። ሆኖም የተፎካከሩት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በቅርብ ወዳሉት ገዳማት ጎብኚ ለመውሰድ ነው። ደቅ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ጥቂት ኩንታል እህልና ጥቂት መንገደኛ ብቻ ይዞ መመላለስ ለባለ ጀልባው አያዋጣም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ በኋላም በጦርነቱ ምክንያት የጎብኚው ቁጥር ሲያሽቆለቁል፣ የግሉ ጀልባ መተዳደሪያ ምን ያህል በእንግዳ ላይ እንደ ቆመ ተገለጠ።

ሐይቁም ራሱ ጥያቄ አለው። በ1988 ዓ.ም. በጨራ ጨራ በዓባይ መውጫ ላይ ግድብ ከተሠራ ወዲህ፣ የሐይቁ ከፍታ የሚወሰነው በዝናብ ብቻ አይደለም። ከ1,785 ሜትር በታች ሲወርድ ትልልቆቹ ጀልባዎች በደንብ መሄድ አይችሉም፤ በ1995 ዓ.ም. ውሃው ከዚህ በታች ወርዶ ጉዞው ተሰናክሏል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወርሯል። ከተማ እየሰፋ፣ እርሻ ወደ ውሃው እየተጠጋ ሲሄድም ደንገሉ ተመናመነ፤ ደንገል ሲያልቅ የታንኳ ሠሪው ሙያ አብሮ ያልቃል። እንዲህ ሲሆን የመጨረሻው ተፎካካሪ ድምፁን ሳያሰማ ከገበያ ይወጣል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፉክክር የሚሄደው ትርፍ ወዳለበት ነው፤ ስለዚህ የዘጌን መንገድ ያበዛል እንጂ የደቅን አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ አንድ ድርጅት ብቻውን የያዘው አገልግሎት ቀን ያስታውቃል፤ የተሰበረ ዕለት ግን የሚተካው የለም። ሦስተኛ፣ ታንኳው በታሪክ ሁሉ የሠራው ሥራ ሰው ማሻገር ብቻ አይደለም፤ ደሴተኛው በማንም ፈቃድ ሥር እንዳይወድቅ ጠባቂ ነበር።

በሌላው ዓለምም ጥያቄው አዲስ አይደለም። በግሪክና በስኮትላንድ ትርፍ የሌላቸውን የደሴት መስመሮች መንግሥት ድጎማ እየሰጠ፣ የጉዞውን ቀንና ብዛት በውል እያስገደደ ያሠራቸዋል። በእኔ አስተያየት ለጣናም መንገዱ ይህን ይመስላል። ዋጋውን ፉክክር ይጠብቀው፤ ቀኑን ግን ውል ይጠብቀው። ውል የገባው ጀልባ በተበላሸ ጊዜ ተተኪ የማቅረብ ግዴታ ይኑርበት። የደንገሉ ዳርቻም እንደ ወደብ ተቆጥሮ ይከለል፤ የታንኳ ሠሪው ሙያም እንደ ሙያ ይከበር።

ጥንት የደሴቱ ዋስትና መሻገሪያው እንዳይመጣ ማድረግ ነበር፤ ዛሬ ዋስትናው መሻገሪያው እንዳይቀር ማድረግ ነው። በምን አለሽ ተራ አንዱ ሱቅ ቢዘጋ ገዢው የሚያጣው ሁለት እርምጃ ነው። በደቅ ዳርቻ አራስ ይዞ የቆመ ሰው ግን ጀልባው የቀረበት እንደ ሆነ የሚያጣው ምን እንደ ሆነ፣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።